ስለ መርከብ ጥገናና ስለ አቃቂ የብረታ ብረት ሥራ

በአቃቂ ቃሊቲ ስለ መርከብ ማንሣት ለአንዳንዱ አንባቢ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ፤ ከጅቡቲ ወደብም በመኪና መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ነው። የአቃቂ ወንዝም ክረምት ሲገባ ሞልቶ ያስፈራል እንጂ መርከብ የሚያሳልፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ሰነዱን በክንዱ ሥር ይዞ በቃሊቲ ጉምሩክ ደጃፍ የሚመላለሰው አስመጪ፤ ቡናውንና ሰሊጡን ወደ ውጭ የሚሰደው ላኪ፤ ከእነርሱም ተረክቦ በችርቻሮ የሚሸጠው ባለ ሱቅ፤ ሁሉም የመርከብ ጥገና ሒሳብ ከፋዮች ናቸው። ሒሳቡ በስማቸው ተጽፎ አይቀርብላቸውም፤ በማጓጓዣው ዋጋ፣ በመድኑ ዓረቦንና በጊዜው ባልደረሰ ዕቃ ኪሳራ ውስጥ ተሰውሮ ይደርሳቸዋል እንጂ። ስለዚህ በዚህ ጋዜጣ ጉዳዩን ማንሣት ከቦታው የወጣ አይሆንም።

በመጀመሪያ መርከብ ለምን ከውሃ ወጥታ እንደምትጠገን ባጭሩ መናገር ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት መሠረት የጭነት መርከብ ሆዷ በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመረመራል፤ በሁለቱም ምርመራዎች መካከል ያለው ጊዜ ከ36 ወር አይበልጥም። ከዚህም ሌላ መርከቢቱን መዝግቦ ደረጃ የሚሰጣት ድርጅት በየአምስት ዓመቱ ጠቅላላ ምርመራ ያደርጋል፤ ያለ እርሱ ምስክር ወረቀት መድን ሰጪም ሆነ ወደብ አይቀበላትም። እንደ ቀይ ባሕር ባለው ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚመላለስ መርከብ ደግሞ ሆዱን አረንቋና በብረቱ ላይ የሚጣበቅ የባሕር ፍጥረት ፈጥኖ ይለብሰዋል። ይህን የተሸከመ መርከብ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ያው ፍጥነት እንዲጠበቅ ከተፈለገም የሚያቃጥለው ነዳጅ ይበዛል። ተጠርጎ ቀለም የተቀባው ሆድ ለባለ መርከቡ ጌጥ ሳይሆን የነዳጅ ቁጠባ ነው።

አሁን ወደ ነጋዴው እንምጣ። ዕቃችሁን መድን ስታስገቡ የምትፈርሙትን ውል እስከ መጨረሻው የምታነቡት ስንቶቻችሁ ናችሁ? በዓለም ገበያ በተለመደው የመርከብ ደረጃ አንቀጽ መሠረት ዕድሜዋ ከ15 ዓመት ባለፈ መርከብ የተጫነ ዕቃ ተጨማሪ ዓረቦን ይጠየቅበታል፤ እህልና ማዳበሪያ በጅምላ ለሚጭኑ መርከቦች ወሰኑ ወደ 10 ዓመት ዝቅ ይላል፤ በታወቀ መደበኛ መስመር ለሚመላለሱት ግን ከፍ ይላል። እንግዲህ የመርከቢቱ ዕድሜና የጥገናዋ ሁኔታ የካፒቴኑ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም ማለት ነው። የአስመጪው ዋጋ ማስያ ውስጥ ይገባል።

ከዚህ የሚከፋም አለ። አንዲት መርከብ በጉዞ ላይ ሳለች ሞተሯ ቢበላሽና ለሁሉም ደኅንነት ሲባል ወደ ሌላ ወደብ እንድትገባ ቢደረግ፤ ለመግባቷ፣ ዕቃው ወርዶ ለመቆየቱና ለባሕርተኞቹ ቀለብና ደመወዝ የሚወጣው ወጪ በመርከቢቱና በላይዋ ባለው ዕቃ ላይ እንደየዋጋቸው ይደለደላል። ይህ ከጥንት የመጣ የባሕር ንግድ ሥርዓት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕጋችንም ይደነግግለታል። ዕቃው ምንም ሳይጎዳ፣ ባለቤቱም ምንም ሳያጠፋ መዋጮውን ወይም ዋስትናውን ካላቀረበ ዕቃው አይለቀቅለትም። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ኤቨር ጊቭን የተባለችው ግዙፍ የኮንቴይነር መርከብ በስዊዝ ቦይ ተሰንቅራ ከተለቀቀች በኋላ ባለቤቶቿ ይህንኑ መዋጮ ባወጁ ጊዜ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ብዙ ባለ ዕቃዎች እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን የሰሙት ያን ቀን ነበር። መድን የነበረው መድኑ ቆመለት፤ ያልነበረው ከኪሱ ከፈለ።

ስለ መጫኛ ጓዳዎች ክዳንም አንድ ቃል ልጨምር። ስንዴ፣ ስኳርና ማዳበሪያ በባሕር ውሃ ርሶ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ በደንብ ስላልገጠመ ነው። በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጎማ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ፣ የሚጫነው ብረት ሲዛግ ውሃው ይገባል። ይህ ትልቅ የመርከብ ፋብሪካ የሚጠይቅ ጥገና አይደለም። ነገር ግን በጊዜው ካልተደረገ የአንድ ነጋዴ የዓመት ትርፍ በአንድ ማዕበል ይሄዳል።

የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት ድርጅት በ1956 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1958 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ምጽዋና አሰብ በእጃችን ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ከተለየች ወዲህ አገሪቱ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ከ1990ው ጦርነት ጀምሮም አሰብ ለእኛ ንግድ ተዘግቶ ሸክሙ ሁሉ በጅቡቲ ላይ ወደቀ። መርከቦቹ ግን ቀሩልን። ይህ ሊናቅ የማይገባው ነገር ነው፤ ጠረፍ የሌላቸው አገሮች አብዛኞቹ በራሳቸው ሰንደቅ ዓላማ የሚጓዝ የንግድ መርከብ የላቸውምና። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በቻይና የተሠሩ ዘጠኝ አዳዲስ መርከቦች ተረከብን፤ ከእነርሱም ሰባቱ እያንዳንዳቸው ወደ 28,000 ቶን የሚጭኑ የልዩ ልዩ ጭነት መርከቦች፤ ሁለቱ የነዳጅ መጫኛዎች ነበሩ። መቀሌ፣ ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋ፣ ጋምቤላ የሚል ስም ተጽፎባቸው በሻንጋይና በጅዳ ሲታዩ ደስ ያሰኛል፤ ከተሞቹ ባሕር አይተው አያውቁም እንጂ።

ታዲያ እነዚህ መርከቦች ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ እየተከታተሉ 15 ዓመት ይሞላቸዋል። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነውም ይህ ቍጥር ነው። የ15 ዓመቱ ምርመራ እንደ አምስቱና እንደ አሥሩ ዓመት ቀላል አይደለም፤ የብረቱ ውፍረት በየቦታው ይለካል፤ የሳሳው ላሜራ ተቆርጦ ይለወጣል፤ ቧንቧዎች፣ የጭነት ማውጫ ክሬኖች፣ መልሕቅና ሰንሰለት ይፈተሻሉ። መርከቢቱ ለሳምንታት ከሥራ ትወጣለች። ያን ጊዜ የኤልሲያችሁ የመጨረሻ የመጫኛ ቀን ሊያልፍ ይችላል፤ ማራዘሚያ ይጠየቃል፤ ለማራዘሚያውም ባንኩ ያስከፍላል።

በዚህ ላይ አቃቂን በቀጥታ የሚነካ አንድ የቅርብ ታሪክ አለ፤ ብዙ ሰው የሰማው ቢሆንም የንግዱ ትምህርት በደንብ የተመረመረ አይመስለኝም። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በሥሩ ከያዛቸው ፋብሪካዎች አንዱ፤ ቀድሞ የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ይባል የነበረው የአቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ ነበር። ኮርፖሬሽኑ ረጅም ዘመን ያገለገሉትን «አባይ ወንዝ» እና «አንድነት» የተባሉትን ሁለት መርከቦች ከባሕር ትራንስፖርቱ ድርጅት ገዛ። ዓላማው ቈራርጦ ብረታቸውን ለማቅለጫ ለማዋል ነው ተባለ። በኋላ ግን ሐሳቡ ተለወጠና መርከቦቹ ወደ ዱባይ ተወስደው ተጠግነው ለንግድ ሥራ ተሰማሩ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በኅዳር 2011 ዓ.ም. በሰጠው መግለጫ እንደ ተነገረው ለጥገናው የወጣው ገንዘብ ከመግዣው ዋጋ እጅግ የበለጠ ነበር። ስለ ክሱና ስለ ሰዎቹ ጥፋተኛነት መፍረድ የፍርድ ቤት እንጂ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። እኛ የምንጠይቀው የነጋዴን ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያው ሐሳብስ ቢሆን ያዋጣ ነበርን?

እስቲ እናስላው። ከአንዲት አሮጌ መርከብ 4,000 ቶን ብረት ይወጣል ብንል፤ ይህን በ40 ቶን ጫኝ ተሳቢ ከጠረፍ ወደ አቃቂ ለማምጣት 100 ጉዞ ያስፈልጋል። ከጅቡቲ ወደ ላይ የሚመጣው መኪና ደግሞ ሁልጊዜ ጭነት የሞላበት፤ ማዳበሪያና ስንዴ በሚገባበት ወራትም እንደ ልብ የማይገኝ ነው። ቁርጥራጭ ብረቱ ቦታ የሚሻማው ከእናንተው ዕቃ ጋር ነው። ከዚህም በፊት መርከቢቱ የምትቈረጥበት ጠረፍ፣ ክሬን፣ ዘይትና አስቤስቶስ የሚወገድበት ሥርዓት ያስፈልጋል፤ እንደ ሕንድ አላንግና እንደ ፓኪስታን ጋዳኒ ያሉ ሥፍራዎች ይህን ሥራ የያዙት ሰፊ ጠረፍና ብዙ ሠራተኛ ስላላቸው ነው። መርከብ ስለ ማፍረስ የተደረገው የሆንግ ኮንግ ስምምነትም ከሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ስለ ዋለ ነገሩ ከበፊቱ ይልቅ ጠብቋል። ጠረፍ የሌለው ሰው መርከብ ገዝቶ ማፍረስ፤ ምጣድ የሌላት ሴት ጤፍ አስፈጭታ ማቡካቷን ይመስላል። ሊጡ ይኮመጥጣል እንጂ እንጀራ አይሆንም።

ጥገናውስ? ወደ ሠላሳ ዓመት የተጠጋ መርከብ ሲጠገን ከመፈታቱ በፊት ዋጋው አይታወቅም። አንድ ላሜራ ሲነሣ ከሥሩ ሌላ የዛገ ይገኛል። የጥገና ውል የሚዋዋል ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ መርከቢቱ ከመግባቷ በፊት ውፍረቱን ያስለካል፤ በኪሎ የላሜራ ዋጋ ይቆርጣል፤ ከዚህ በላይ ከሆነ ሥራው ይቁም የሚል ወሰን ያኖራል። ቤቱን ያሳደሰ ነጋዴ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ግምቡ ላይ ያለው ቀለም ሲፋቅ ነው የስንጥቁ ልክ የሚታየው።

እንግዲህ አቃቂ ከመርከብ ሥራ የሚያገኘው ምንም የለም ማለት ነውን? በእኔ አስተያየት አለ፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከተፈለገበት በተቃራኒው በኩል ነው። ብረት ከመርከብ ወደ አቃቂ ከማምጣት ይልቅ የተሠራ ብረት ከአቃቂ ወደ መርከብ መላክ ይሻላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የምናስገባው ዕቃ በክብደት ከምንልከው እጅግ ስለሚበልጥ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መኪና ብዙውን ጊዜ ባዶውን ነው። ባዶ መኪና ርካሽ መኪና ነው። ጅቡቲም በበኩሏ በቅርብ ዓመታት ከኔዘርላንዱ ዳመን ኩባንያ ጋር ተዋውላ ርዝመቱ ከ200 ሜትር የሚበልጥ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ አሠርታለች። 28,000 ቶን የሚጭን መርከብ በዚህ ልክ ሊስተናገድ የሚችል ነው። የኛ መርከቦች የሚጠገኑበት ሥፍራ ወደ ደጃችን ቀርቦልናል ማለት ነው።

በዚህ ቦታ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ከአቃቂ ቶርኖ ቤት የወጣ ዘንግ ምንም ቢያምር በመርከብ ሞተር ላይ አይገጠምም። እንዲህ ያለው ዕቃ ከማቅለጫው ጀምሮ በደረጃ ሰጪው ድርጅት መርማሪ ታይቶ ማኅተም የተደረገበት መሆን አለበት፤ ማኅተሙን ለማግኘትም ፋብሪካው ዓመታት የሚፈጅ ፈተና ያልፋል። ዛሬ እንሠራዋለን ብሎ መነሣት ትርፉ ወሬ ነው። ያለ ከባድ ማኅተም የሚሸጠው ግን ብዙ ነው፤ መሰላል፣ የመርገጫ ፍርግርግ፣ የእጅ ድጋፍ፣ ለቧንቧ ማቀፊያ፣ ለዕቃ መደገፊያ የሚሆን እንጨትና የመሳሰለው።

ከሁሉም ይልቅ ልዩ ትኩረት የሚገባው አንድ ተራ የሚመስል ዕቃ አለ፤ በመርከብ ሆድ ላይ የሚለጠፈው የዚንክ ጡብ። ብረትና የነሐሱ መቅዘፊያ በጨው ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆኑና ብረቱ ይበላል። ዚንኩ ከተለጠፈ ግን በብረቱ ፈንታ እርሱ ቀድሞ ይበላል። ስለዚህ መርከቢቱ ከውሃ በወጣች ቁጥር የተበላው ተነሥቶ አዲስ ይተካል፤ የሚሸጠውም በክብደት ነው። ሥራው ዚንክ አቅልጦ በመካከሉ ጠፍጣፋ ብረት አግብቶ በቅርጽ ማፍሰስ ነው፤ በአቃቂና በቃሊቲ ያሉ ማቅለጫዎች ከዚህ የሚከብድ ይሠራሉ። አንድ ምሥጢር ግን አለው፤ በዚንኩ ውስጥ የሚቀላቀለው ብረት እጅግ ጥቂት ካልሆነ ጡቡ ሽፋን አውጥቶ መበላቱን ይተዋል፤ ያን ጊዜ መርከቢቱ ጥበቃ አላት እየተባለ ሆዷ ይበላል። ስለዚህ በብረት ድስት የቀለጠ ዚንክ ለዚህ አይሆንም፤ የግራፋይት ማቅለጫና የላቦራቶሪ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን ማቅረብ የሚችል አቅላጭ በጅቡቲ ላለው መጠገኛ ደንበኛ ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ዕቃ መሸጋገር ይቀለዋል። በዚህ ሥራ ዚንኩን ራሱን ከውጭ ማስገባት ግድ መሆኑን አልረሳሁም። ሆኖም በዶላር ገብቶ በዶላር የሚወጣ ዕቃ ከብዙዎቻችን ንግድ የተሻለ ነው።

ስለ ባለሙያም ቢሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። ከአቃቂ ጥቂት ወረድ ብሎ በቢሾፍቱ የባቦጋያ የባሕር ትምህርት ቤት አለ፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሥር ያለው ማሠልጠኛ የመርከብ መሐንዲሶችን እያስተማረ በውጭ አገር መርከቦች ላይ ይልካል። እነዚህ ወጣቶች የጉዞ ውላቸውን ጨርሰው ለጥቂት ወራት አገራቸው ይገባሉ። የሞተር ክፍል ውስጥ ምን ዕቃ በየስንት ጊዜው እንደሚለወጥ፣ የትኛው ያለ ማኅተም እንደሚያልፍ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አንድ የቃሊቲ ባለ ፋብሪካ ከመካከላቸው አንዱን ለሁለት ወር በአማካሪነት ቢቀጥር፤ ወጪው ለአንድ የንግድ ትርዒት ጉዞ ከሚያወጣው አይበልጥም።

የባሕሩን ነገር ለጊዜው ትተን ሐይቆቻችንን ብናይ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርበናል። በ2017 ዓ.ም. 38 ሜትር ርዝመትና ወደ 150 ቶን ክብደት ያላት «ጣና ነሽ 2» ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ ለወራት ተጉዛ ወደ ጣና ስትገባ፤ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ እንደ ሠርግ ሸኛት። ትዕይንቱ የሚያስደንቅ ነበር። በንግድ ዓይን ለሚመለከተው ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ሙሉ መርከብ በተራራ ላይ ከመጐተት ላሜራውን በአቃቂ ቈርጦና ቀርጾ፣ በቍራጭ በመደበኛ መኪና ልኮ በሐይቁ ዳር መበየድ አይቻልምን? ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1913 እ.ኤ.አ. በጀርመን ፓፐንቡርግ የተሠራችው «ግራፍ ፎን ጎትዘን» ተፈታታ በሣጥን ታሽጋ በባሕር ወደ ዳሬሰላም፣ ከዚያም በባቡር ወደ ኪጎማ ሄዳ በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ተገጣጥማለች። በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች ጠላት እንዳይወስዳት ሞተሯን ቅባት ቀብተው ራሳቸው አሰጠሟት፤ እንግሊዞች አውጥተው «ሊዬምባ» ብለው ሰየሟትና ስሟ እስከ ዛሬ ይነሣል። ከመቶ ዓመት በፊት በሣጥን የተቻለ ሥራ፤ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚቈርጥ ማሽን ላለው ፋብሪካ የሚከብደው አይመስለኝም።

ገበያውም እየሰፋ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኋላ የተኛው ውሃ ሲሞላ ወደ 1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። በዚያ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ሰውና ከብት የሚያሻግር፣ ከውሃው ላይ እንጨት የሚለቅም ጀልባ ያስፈልጋል። ለጣና፣ ለአባያና ለጫሞም እንዲሁ። እነዚህ ጀልባዎች ሁሉ በየጊዜው ተነሥተው መጠረግና መቀባት ስላለባቸው በየሐይቁ ዳር ቢያንስ አንዳንድ መጐተቻ ሐዲድና የብየዳ ቤት ይጠይቃሉ። ጀልባውን ከውጭ አስመጥቶ መጠገኛውን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ አውቶቡስም የውሃ ፓምፕም በዚህ መንገድ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆመው አይተናል።

ለምክር ቤታችን የማቀርበው ማሳሰቢያ ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ መርከቦቹ በየትኛው ወር ለጥገና ከሥራ እንደሚወጡ ዓመቱ ሲጀምር ለአስመጪና ላኪዎች እንዲያስታውቅ ምክር ቤቱ በደብዳቤ ይጠይቅልን። ይህ የድርጅቱ ምሥጢር ሊሆን አይገባም፤ አየር መንገድ የበረራ ሰዓት እንደሚያስታውቅ ያለ ነገር ነው። ከዚሁ ጋር ማኅተም የማይጠይቁትን መለዋወጫዎች ዝርዝር በልካቸውና በብዛታቸው አውጥቶ ለአቃቂና ለቃሊቲ ፋብሪካዎች እንዲሰጥ፤ ፋብሪካዎቹም ዋጋ እንዲያቀርቡ አንድ ስብሰባ ይጠራ። ጉምሩክም ጅቡቲ ለቆመች የኢትዮጵያ መርከብ የሚላክ ዕቃ እንደ ወጪ ንግድ ይቈጠር ወይስ አይቈጠር ግልጽ መልስ በጽሑፍ ይስጠን፤ ይህ ካልታወቀ ባለ ፋብሪካው ዋጋ ማቅረብ አይችልምና። ስብሰባው ከ2020 ዓ.ም. በፊት ቢሆን የመጀመሪያዋ መርከብ ለ15 ዓመቱ ምርመራ ከመግባቷ በፊት የናሙና ጡብ አቅልጦ፣ አስመርምሮ፣ ወደ ጅቡቲ ለመላክ ጊዜ ይኖራል።